የጀልባ ሞተርን እሳት በቤት በተሠሩ መሣሪያዎች መፈተሽ፦ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2017፣ ሁለተኛ ሳምንት፦ የሞተሩ ሁኔታ

ሞተሩ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ የአንዲት ጀልባ ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክና በገመድ ተስቦ የሚነሣ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ በቀላሉ ይነሣል፤ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ኃይሉ ይወርዳል፣ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ አንዴ ከጠፋም እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነሣም። ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ታጥቧል፣ የቤንዚን ፓምፑ ዲያፍራም ተቀይሯል፣ ካንዴላዎቹም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ፣ ማለትም እሳቱን፣ የሚሰጡት) አዲስ ገብተዋል። የጀልባው ባለቤት ከጥምቀት በፊት እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰሞን እንግዳ ይበዛል።

ሞተሩን ቀደም ብለው ያዩት አንድ አንጋፋ መካኒክ ካንዴላውን አውጥተው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ አስተኝተው ገመዱን ሲስቡ እሳት መስጠቱን አይተዋል። ስለዚህ ችግሩ ከቤንዚን ነው ብለው ደምድመዋል። ስንነጋገርም «ልጄ፣ እሳቱ ይኸው እየታየ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያየነው በአየር ላይ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ምን እንደሚሆን ገና አላየንም» አልኳቸው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

ካንዴላው ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር ነው። ይህን ክፍተት በክፍት አየር ላይ ለመዝለል ከ3 እስከ 4 ሺህ ቮልት ገደማ ይበቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን እሳቱ የሚዘለው ታምቆ ግፊቱ ብዙ እጥፍ በጨመረ አየር ውስጥ ስለሆነ ያው 1 ሚሊሜትር ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪሽ ፓሼን በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንን ነው፤ ብልጭታው የሚነሣበት ቮልቴጅ በግፊቱና በክፍተቱ ብዜት ይወሰናል። ስለዚህ አቅሙ በግማሽ የወረደ ኮይል (ቮልቴጁን የሚያሳድገው የሽቦ ጥቅል) ቴስታታ ላይ በተኛ ካንዴላ ላይ ያማረ እሳት ሊያሳይ ይችላል። ግፊቱን በክፍት አየር ላይ ማምጣት ስለማይቻል ያለው አማራጭ ክፍተቱን ማስፋት ነው።

መሣሪያ ከመሥራቴ በፊት የማጥፊያውን ቁልፍ ከጥርጣሬ ማውጣት ነበረብኝ። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ማጥፊያው የሚሠራው የሲዲአይ ሣጥኑን (እሳቱን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን) መስመር ከግራውንድ፣ ማለትም ከሞተሩ አካል፣ ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ ዝጎ በከፊል የሚያገናኝ ቁልፍ እሳቱን ሊያዳክም ይችላል። ሽቦውን ከሣጥኑ ነቅዬ ሞተሩን በውሃ በርሜል ውስጥ አስነሣሁት፤ ሲሞቅ እንደ ቀድሞው ጠፋ። ቁልፉ ነጻ ነው።

ኅዳር፣ ሦስተኛ ሳምንት፦ የኒዮን መብራት

መጀመሪያ የፈለግሁት ሞተሩ እየሠራ ሳለ እሳቱን የሚያሳየኝ ነገር ነው። በ60 ብር የተገዛ የፌዝ መሞከሪያ ካቻቪቴ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የኒዮን አምፖል ከተቃዋሚዋ (ሬዚስተሯ) ጋር አወጣሁ፤ አንዱን ጫፏን በቀጭን መዳብ ሽቦ አስረዝሜ ወደ ካንዴላው በሚሄደው ወፍራም ኬብል ልባስ ላይ አምስት ስድስት ዙር ጠመጠምሁ፤ ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር አገናኘሁ። ኬብሉ አልተበሳም፣ አልተነካም፤ አምፖሏ የምትበራው በልባሱ በኩል በሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው። ኒዮን ከ60 እስከ 90 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ስለሚበራ ኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከበቂ በላይ ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ኬብሎች ላይ እኩል በራ። ሙቀቱ ሲጨምርና መንተፋተፉ ሲጀምር መብራቱ መዝለል ጀመረ፤ ሞተሩ ሲጠፋም ዙሩ ገና ሳይወርድ በፊት ብርሃኑ ይቋረጥ ነበር። ቤንዚን ቢያልቅበት ኖሮ ቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) እየዞረ እስካለ ድረስ መብራቱ አብሮት ይቀጥልና ከዙሩ ጋር ይደክም ነበር። ቅደም ተከተሉ ስለዚህ ወደ እሳት መስመር ያመለክታል። ነገር ግን ኒዮን ስለ መጠን የሚናገረው ነገር የለም፤ 8 ሺህ ቮልትም 20 ሺህ ቮልትም ለእርሱ አንድ ነው።

በዚያው ሰሞን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮን በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አድርጌ ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጬ ነበር። እያንዳንዱ ብልጭታ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ የጎደለውም ይሰማል። ለማረጋገጫ ጥሩ ነው፤ ከኒዮኑ የተለየ ነገር ግን አልነገረኝም።

ኅዳር መጨረሻ፦ ክፍተቱ የሚስተካከል መሞከሪያ

የመጀመሪያውን ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራሁት፤ ሁለት የናስ ቡሎኖች ፊት ለፊት፣ ጫፋቸው በሞረድ የሾለ። እስከ 6 ሚሊሜትር ድረስ በሚገባ ሠራ። ክፍተቱ ሲሰፋ ግን ብልጭታው በአየር ላይ መዝለሉን ትቶ በእንጨቱ ገጽ ላይ መሄድ ጀመረ፣ ባለፈበትም ጥቁር መስመር ተወ። ያ መስመር ካርቦን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ጣውላው መለኪያ መሆኑ ያበቃል። በሐይቅ ዳር እርጥበት ያለው እንጨት ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ከፕላስቲክ የሽንኩርት መክተፊያ ተሠራ። መክተፊያው 180 ብር፣ የናስ ቡሎኖችና ዳዶዎች 120 ብር፣ አዞ አፍ መቆንጠጫዎችና ወፍራም ልባስ ያለው ሽቦ 250 ብር ፈጁ። ከመክተፊያው ላይ ሁለት ቋሚዎች ቆርጬ በመሠረቱ ላይ በፕላስቲክ ብሎን አቆምኋቸው፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው የመሠረቱ ክፍል ደግሞ ተቆርጦ ወጣ፤ ይህም ብልጭታው የሚሄድበት ገጽ እንዳያገኝ ነው። ተንቀሳቃሹ ቡሎን ጥርሱ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ክፍተቱን በ1 ሚሊሜትር ይለውጣል። ስለዚህ ማስመሪያ ሳያስፈልግ በዙር ብቻ መለካት ይቻላል። የቡሎኖቹ ሹልነት አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሹል ጫፍ ከደነዘዘ ጫፍ ይልቅ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ያዘልላልና የደነዘዘ ቡሎን ደህናውን ኮይል ደካማ ያስመስለዋል።

በዚህ ሞተር ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። አንድ የእሳት ኮይል ሁለቱንም ካንዴላዎች በአንድ ጊዜ ያበራል፤ ሁለቱ ኬብሎች የአንዱ ጥቅል ሁለት ጫፎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ኬብል በመሞከሪያው ላይ አድርጎ ሌላውን ማንጠልጠል አይቻልም፤ ኮይሉ መውጫ ስላጣ በውስጡ በኩል ሊበሳ ይችላል። አንዱ ኬብል በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ይታሰራል፣ ክፍተቱ የሚለካው በሌላው ላይ ነው፣ ከዚያም ይቀያየራሉ።

ስለ እሳት አደጋም ከዚሁ ጋር መጻፍ ይገባል። ካንዴላዎቹ በወጡበት ቀዳዳ የቤንዚን ተን ይረጫል። የቤንዚኑ ቱቦ ተነቅሎ፣ ሲሊንደሮቹ ገመዱን ደጋግሞ በመሳብ ከተነፈሱ በኋላ ቀዳዳዎቹ በደረቅ ጨርቅ ተደፍነው፣ መሞከሪያው ኬብሉ እስከፈቀደ ድረስ ርቆ፣ ሥራው ደጅ ላይ መሆን አለበት። በባሕር ዳር የቀን ብርሃን ብልጭታውን ማየት ስለማይቻል መሞከሪያውን ጎኑ በተቀደደ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥሁት።

አሁን ክፍተቱ ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ መጣ። ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተሮች የጥገና መመሪያዎች በብዛት የሚጠቅሱት 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ግን በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በሳሳ አየር ላይ ብልጭታ በቀላሉ ስለሚዘል እዚያ 9 ሚሊሜትር የሚያስፈልገው ፈተና እዚህ 11 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ያላሰበ ሰው ደካማ ኮይልን ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ሞተሩም ቢሆን የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም በዚያው መጠን ያነሰ ስለሚሆን የሚጠይቀው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦ ኮይሉ እንደ ፋብሪካው ልክ ጤነኛ ነወይ ለሚለው መለኪያው 11 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ሞተር ጣና ላይ ያነሣዋል ወይ ለሚለው ግን 9 ሚሊሜትር ይበቃል። እኔ ሁለቱንም መዘገብሁ፣ ምክንያቱም በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ገና ሳይሞት መድከም የጀመረ ኮይል የሚገኝበት ነው።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ እኩል ዙር

ገመድ በእጅ ሲሳብ ዙሩ እንደ ክንዱ ይለያያል፤ ዙሩ ሲለያይ ቮልቴጁም ይለያያል፤ ስለዚህ የጠዋቱን ልኬት ከከሰዓቱ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። የገመድ ማስነሻውን ክፍል አንሥቼ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ ላይ ሶኬት ቁልፍ ገጥሜ የቮላኖውን ዳዶ በእርሱ አዞርሁት። ቮላኖው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር መሰርሰሪያው ዳዶውን ያጠብቃል እንጂ አይፈታም። ካንዴላዎቹ መውጣታቸው የግድ ነው፤ አለበለዚያ ሞተሩ ሊነሣና መሰርሰሪያውን ከእጅ ሊነጥቅ ይችላል። በዝቅተኛው ማርሽ በደቂቃ 400 ዙር ገደማ ይሰጣል፤ ሙሉ በሙሉ በተሞላ ባትሪ ከተሠራ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

በዚህ ዙር ቀዝቃዛው ሞተር 9 ሚሊሜትር ሳይጎድል ዘለለ፤ በ11 ሚሊሜትር ግን አንዳንዴ ዘለለ አንዳንዴ ቀረ። ከዚያ ሞተሩን ገጣጥሜ በበርሜል ውስጥ እስኪጠፋ አሠራሁት፣ ሽፋኑን ዘግቼም ጥቂት አቆየሁት፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለሚቆም ከሽፋኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይጨምራልና። ወዲያው ስለካው 5 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ሳያቋርጥ ዘለለ፤ 6 ላይ ይጎድላል፤ 7 ላይ ምንም የለም። ቀለሙም ከሰማያዊ ወደ ብጫ አዘነበለ፣ ለቀለም ግን ብዙ ክብደት አልሰጥም፤ ዓይን ያታልላል፣ ቡሎን አያታልልም። በዚያው ሰዓት ካንዴላውን ቴስታታ ላይ አስተኝቼ ስሞክረው እሳቱ እንደ ወትሮው ታየ።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛ ሳምንት፦ የጫፍ ቮልቴጅ አስማሚ

እሳቱ ሲሞቅ እንደሚዳከም ታውቋል፤ የትኛው ክፍል ነው የሚለው ቀረ። መንገዱ ይህ ነው፦ ከቮላኖው ሥር ያለው የቻርጅ ኮይል ለሲዲአይ ሣጥኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ክፍል) ይሞላል፣ ፐልሰር ኮይሉ ጊዜውን ሲነግረው ካፓሲተሩ ወደ እሳት ኮይሉ በአንድ ጊዜ ይለቅቃል፣ እሳት ኮይሉም ያንን በሺህ ወደሚቆጠር ቮልት ያሳድገዋል። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ውጤቱ በካንዴላው ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ተራ መልቲሜትር እነዚህን አጫጭር ምቶች ማንበብ አይችልም፤ አማካያቸውን ወስዶ ትርጉም የሌለው ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የሚያስፈልገው የምቱን ጫፍ ይዞ የሚያቆይ ነገር ነው። ከተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል ውስጥ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ከተበላሸ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 0.47 ማይክሮፋራድ የሆነ ኤክስ2 ካፓሲተር አወጣሁ። ዳዮዱ በመስመሩ ላይ በተከታታይ፣ ካፓሲተሩ በመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች መካከል፣ ከካፓሲተሩ ጎን ለጎንም 4.7 ሜጋኦም ተቃዋሚ ገባ። ተቃዋሚው ካፓሲተሩን ቀስ ብሎ ያራግፈዋል፤ ያለ እርሱ የቀድሞው ልኬት ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል፣ ጫፎቹን የነካ ሰውም ይመታል። ዳዮዱ የሚሸከመው የኋሊት ቮልቴጅ የምቱ እጥፍ ስለሚሆን የ1,000 ቮልት ዳዮድ ቅንጦት አይደለም። ሁሉንም በፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ዘጋሁት።

ሞተሩ ላይ ከመሞከሬ በፊት በትንሽ ትራንስፎርመር ፈተሽሁት። መልቲሜትሩ በኤሲ 13.2 ቮልት አነበበ፤ ይህ በ1.414 ሲባዛ ጫፉ 18.7 ገደማ ይሆናል፣ ዳዮዱ ግማሽ ቮልት ያህል ይወስዳል፤ አስማሚው በዲሲ 18.1 አሳየ። ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፐልሰሩን የመሰለ ጥቂት ቮልት ብቻ የሚሰጥ ነገር ሲለካ ግን ዳዮዱ የሚበላውን መልሶ መደመር ያስፈልጋል። ንባቡ ባዶ ከሆነ ጫፎቹን መቀያየር ነው፤ ዳዮዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋልና።

ልኬቶቹ በመሰርሰሪያው ዙር እነዚህ ናቸው። ቻርጅ ኮይሉ ከሣጥኑ ጋር እንደተያያዘ በቀዝቃዛ 135 ቮልት፣ በሙቅ 58። ከሣጥኑ ተነቅሎ ብቻውን ሲለካ በቀዝቃዛ 150፣ በሙቅ 70። ፐልሰሩ በቀዝቃዛ 4.1፣ በሙቅ 3.9። ከሣጥኑ ወደ እሳት ኮይሉ የሚወጣው በቀዝቃዛ 122፣ በሙቅ 51። ሣጥኑ የሚሰጠው ከሚቀበለው ጋር አብሮ ስለወረደ ሣጥኑ ጥፋተኛ አይደለም፤ ፐልሰሩም አልተንቀሳቀሰም። ቻርጅ ኮይሉ ከሣጥኑ ተለይቶም መውደቁ ነገሩን ይዘጋዋል። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ሲዲአይ ሣጥኑን ነው፣ ከሁሉም ውድ የሆነውም እርሱ ነው።

የኦም (የተቃውሞ) ልኬቱ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ቻርጅ ኮይሉ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 310 ኦም አነበበ፤ ይህም መመሪያው በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ነው፣ በኦም ብቻ የፈተሸ ሰው ደህና ነው ይል ነበር። በ66 ዲግሪ ግን 327 አነበበ። የመዳብ ተቃውሞ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር በ42 ዲግሪ ልዩነት ወደ 360 መድረስ ነበረበት። የጎደለው 33 ኦም ሲሞቅ እርስ በርስ የተነካኩ ዙሮች ናቸው፤ የሽቦው ቫርኒሽ ተሰንጥቆ ሙቀት ሲያሰፋው ይገናኛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለያያል። የተነካኩት ዙሮች ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆኑም ራሳቸውን ችለው የተዘጋ የኤሌክትሪክ ወረዳ (ሰርኪዩት) ስለሚሆኑ የሌላውንም ኃይል ይበላሉ፤ ለዚህ ነው ቮልቴጁ ከግማሽ በላይ የወረደው።

ታኅሣሥ፣ ሦስተኛ ሳምንት፦ ቮላኖውን ማውጣትና መተካት

ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ዘንድ ኮይሉን ይዤ ሄጄ ነበር። ሽቦው በማይክሮሜትር 0.12 ሚሊሜትር ሲሆን እነርሱ ያላቸው ቀጭኑ 0.25 ነው፤ በዚያ ሽቦ አስፈላጊው የዙር ብዛት በቦታው አይገባም። አዲስ ኮይል ከአዲስ አበባ 13,000 ብር ተባለ፣ መምጫውም አይታወቅም። ከተጣለ ተመሳሳይ ሞተር ላይ የተነሣ ኮይል በ4,200 ብር ተገኘ፤ ሻጩ ተገጥሞ ከተፈተሸ በኋላ ካልሆነ እንድመልሰው ተስማሙ። መሣሪያዎቹ ዋጋቸውን ያወጡት እዚህ ላይ ነው፤ ያለ እነርሱ ያገለገለ ኮይል መግዛት ዕጣ ማውጣት ነበር።

ቮላኖውን ለማውጣት ከ10 ሚሊሜትር ብረት ሦስት ቀዳዳ ያለው ሳህን አስበስቼ (700 ብር) በመካከሉ በሚገፋ ቡሎን ጎተትሁት። ጠርዙን በመንጠቆ መሳብ ማግኔቶቹን ሊያላቅቅ ይችላል፣ ዘንጉን በመዶሻ መምታትም ዋጋው ከኮይሉ ይበልጣል። ከዘንጉ ላይ ያለውን ግማሽ ክብ ቁልፍ ብረት አየሁት፣ አልተጎዳም። አዲሱ ኮይል ሲታሰር የብረት ጫፎቹ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፤ ወጣ ካሉ ማግኔቱ ይፍቃቸዋል፣ ገባ ካሉ ቮልቴጁ ይቀንሳል።

የገባው ኮይል ከሣጥኑ ጋር ተያይዞ በቀዝቃዛ 148 ቮልት ሰጠ። ከቮላኖው መስኮት በኩል በፀጉር ማድረቂያ እስከ 65 ዲግሪ ሳሞቀው 139 ሆነ፤ የኦሙም ጭማሪ ከመዳብ ስሌት ጋር ተስማማ። ክፍተቱ በቀዝቃዛ 12፣ በሙቅ 11 ሚሊሜትር ሳይጎድል ዘለለ። ገንዘቡ ተከፈለ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ሐይቁ ላይ

ኒዮኗን ከሽፋኑ ሥር አስሬ፣ ሽቦዋን አውጥቼ፣ ከባለቤቱ ጋር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሙሉ ጋዝ ሄድን። መብራቷ አልዘለለችም። በመመለሻው ላይ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ፤ ሙቅ እንደሆነ ከተጸዳ በኋላ ተነሣ፣ ይህም ሳይታሰብ የተገኘ ጥሩ ፈተና ሆነ።

መሞከሪያው ገና የማይመልሰው ነገር እሳቱ በትክክለኛው ቅጽበት መምጣቱን ነው። ለዚያ በኒዮኗ ፈንታ ደማቅ ኤልኢዲ አድርጎ በቮላኖው ላይ ባለ ምልክት ማየት ይቻል ይሆናል፤ ቀጣዩ ሥራ እርሱ ነው። የናሱ ቡሎኖች ጫፍ በሙከራው ብዛት ስለተበላ እንደገና ሞርጄዋለሁ፣ ተንቀሳቃሹም እንዳይላላ ሁለተኛ ዳዶ ገብቶለታል። በሞተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ «በ400 ዙር፣ ቻርጅ 148 ቀዝቃዛ፣ 139 ሙቅ፤ ፐልሰር 4.1፤ ክፍተት 11 ሚሊሜትር፣ ሌላው ኬብል ግራውንድ ላይ ታስሮ።»